የማይዋሽ ሪፖርት

በ2010 ለገበያ የቀረበውን «ቪክቶሪያ ሁለት» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚያውቁ ሰዎች አንድ የጋራ ቅሬታ አላቸው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጨዋታው የስቶክሆልሙ ፓራዶክስ ኩባንያ ሥራ ነው። ተጫዋቹ ከ1836 እስከ 1936 ባለው መቶ ዓመት ውስጥ አንድ አገር ይረከብና ግብር ይጥላል፣ ሠራዊት ይመለምላል፣ ፋብሪካ ይተክላል። የኢኮኖሚ ፖሊሲው ከገዢው ፓርቲ ጋር የሚመጣ ነው። የዕቅድ ኢኮኖሚን ወይም የመንግሥት ካፒታሊዝምን የሚከተል ፓርቲ ሥልጣን ላይ ካለ የፋብሪካ መትከያው ቁልፍ በተጫዋቹ እጅ ይሆናል። ምርጫ መጥቶ «መንግሥት እጁን ከገበያው ያውጣ» የሚሉት ሊበራሎች ሲያሸንፉ ቁልፉ ይዘጋል፤ ለከሰረ ፋብሪካ ድጎማ መስጠትም ይከለከላል። ከዚያ በኋላ የትኛው አውራጃ ላይ ምን እንደሚገነባ የሚወስኑት ኮምፒውተሩ የሚመራቸው ባለሀብቶች ናቸው። ቅሬታው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ባለሀብቶቹ ጥሬ ዕቃ በማይገኝበት ቦታ ፋብሪካ ይጀምራሉ፣ ይከስራሉ፣ ይዘጋሉ፤ ሥራ የፈታው ሕዝብ ያምፃል፤ ተጫዋቹም እጁን አጣጥፎ ያያል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች ሊበራሎቹ ሥልጣን ላይ እንዳይወጡ መላ ሲፈልግ ይውላል።

ከዚህ ተነስቶ «መንግሥት የያዘው ኢኮኖሚ ይሻላል» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ጨዋታውን ብቻ ለተመለከተ ሰው ማስረጃው ዓይን ያወጣ ነው። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ግን ድምዳሜው የመጣው ተጫዋቹ ከተቀመጠበት ወንበር ነው የሚል ነው። ወንበሩ የመንግሥት ወንበር ነው። ነጻ ገበያ ለዚህ ሰው የሚመጣለት ሥልጣን ሲቀነስበት ነው፤ ከእሱ ቤት የወጣው ሥልጣን የማን ቤት እንደገባና እዚያ ምን ፍሬ እንዳፈራ አይታየውም። ዕቅድ ደግሞ የሚቀርብለት እውነተኛዎቹን ዕቅድ አውጪዎች ዕድሜ ልክ ያሰቃየው ደዌ ተነቅሎለት ነው። ደዌው ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርት ነበር። በጨዋታው ውስጥ ሪፖርት አይዋሽም።

ነገሩ ከአንድ ኩባንያ ሥራ የሰፋ ነው። በ2005 የወጣው «ሲቪላይዜሽን አራት» ሁለቱን ሥርዓቶች የሚያቀርበው እንደ ጉርሻ ዝርዝር ነው፦ ነጻ ገበያን የመረጠ መንግሥት ለእያንዳንዱ ከተማው አንድ ተጨማሪ የንግድ መስመር ያገኛል፤ የመንግሥት ባለቤትነትን የመረጠ ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ የራቁ ከተሞቹን ለማስተዳደር ይከፍለው የነበረው የርቀት ወጪ ይቀርለታል። ለሰፊ ግዛት ጌታ ሁለተኛው ትልቅ ሲሳይ ነው። ነገር ግን ቆም ብሎ ላሰበው የተገላቢጦሽ ነው። የማዕከላዊ ዕዝ ኢኮኖሚ በታሪክ ክፉኛ የተቸገረው በርቀት ነው፤ ሞስኮ ያለ ቢሮ ሳይቤሪያ ያለ ፋብሪካ ምን እንደጎደለው የሚያውቀው ዘግይቶና ተዛብቶ በደረሰው ወረቀት ነበር። ጨዋታው የሥርዓቱን ትልቅ ሕመም ወስዶ የሥርዓቱ ሽልማት አድርጎታል። ይህን ያደረገው ለሶሻሊዝም ስላደላ አይመስለኝም። የጨዋታ ሠሪ ሚዛን ይጠብቃል፤ ንግዱን ለአንዱ ከሰጠ ለሌላው የሚሰጠው ነገር መፈለግ ነበረበት፣ ያገኘውም ይህን ነው።

የጠለቀው ሙከራ በ2022 የወጣው «ቪክቶሪያ ሦስት» ነው፤ ነገሩም እዚህ ላይ ጠጋ ብሎ ማየት የሚገባው ይሆናል። በዚህ ጨዋታ የአገሩ ሕዝብ በሥራው፣ በሃይማኖቱና በብሔሩ ተከፋፍሎ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ክፍል ደመወዝ ይቀበላል፣ እህል፣ ልብስና የቤት ዕቃ ይገዛል። ዕቃዎቹ 50 ገደማ ናቸው። የእያንዳንዱ ዋጋ በገዢና በሻጭ ብዛት ይወጣል ይወርዳል፤ ጣሪያና ወለልም ተበጅቶለታል፣ ከመነሻ ዋጋው በ75 በመቶ በላይ ወይም በታች አያልፍም። ተጫዋቹ የገበያውን ሰንጠረዥ ሲከፍት ብረት ምን ያህል እንደተወደደ፣ ስንት ፈላጊ እንዳለውና ስንት አቅራቢ እንዳለ ወዲያው ያያል። ፋብሪካ ለመትከል ሲያስብ ደግሞ ገና መሠረቱ ሳይጣል ምን ያህል እንደሚያተርፍ የሚገምት ቁጥር ይቀርብለታል። መጀመሪያ ሲወጣ በነጻ ገበያው ሕግ ሥር እንኳ የሚገነባውን የሚመርጠው ተጫዋቹ ነበር፤ ባለሀብቶቹ ገንዘባቸውን ለጋራ ቋት ያዋጣሉ፣ በገንዘባቸው ግን የሚያዝበት ሌላ ነው። ፓራዶክስ በ2023 መጀመሪያ ባወጣው ማሻሻያ ለባለሀብቶቹ ራሳቸውን የቻለ የግንባታ ወረፋ ሰጣቸው። በ2024 ደግሞ እያንዳንዱ ተቋም ባለቤት እንዲኖረው፣ መንግሥት የያዘውን ወደ ግል እንዲያዞር ወይም የግሉን እንዲወርስ የሚያስችል ሥርዓት ጨመረ። የጨዋታ ሠሪዎቹ በሁለት ዓመት ውስጥ የሄዱት መንገድ አንድ ነገር ይናገራል፦ ባለቤትነትን ከመጀመሪያው ሳይስሉት ካፒታሊዝምን ሊስሉ ሞክረው ነበር።

አሁን የዕዝ ኢኮኖሚው ሕግ ሲታወጅ በዚህ ጨዋታ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ፋብሪካው የመንግሥት ይሆናል፣ ትርፉም ወደ ግምጃ ቤት ይገባል። ገበያው ግን ወዴትም አይሄድም። እህል ሲያጥር የእህል ዋጋ ይወጣል፣ ጨርቅ ሲተርፍ የጨርቅ ዋጋ ይወርዳል፤ ሰንጠረዡም እንደ ወትሮው ቁጥሩን ያወጣል። ይህ የሶቪየቱ ዕቅድ መሥሪያ ቤት ጎስፕላን የሠራበት ሥርዓት አይደለም። የሚመስለው ፖላንዳዊው ኢኮኖሚስት ኦስካር ላንገ በ1936 እና በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ የቀየሰውን ነው። ኦስትሪያዊው ኢኮኖሚስት ሉድቪግ ፎን ሚዝስ በ1920 «የማሽንና የጥሬ ዕቃ ገበያ በሌለበት የትኛው አሠራር እንደሚያዋጣ ማስላት አይቻልም» የሚል ክርክር አንስቶ ነበር። የላንገ መልስ፣ ዕቅድ ኮሚሽኑ ራሱ ዋጋ ያውጣ፣ ዕቃ ሲያጥር ከፍ፣ ሲተርፍ ዝቅ እያደረገ በሙከራ ትክክለኛውን ያግኝ የሚል ነበር። ኮምፒውተሩ በ«ቪክቶሪያ ሦስት» ውስጥ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፤ ሳይደክምና ሳይሳሳት። እንግዲህ ተጫዋቹ «ዕዝ» ብሎ የሚመርጠው ሥርዓት ከታች ፍጹም የሆነ ገበያ ተነጥፎለት፣ ከላይ አንድ ብልህ ባለሀብት የተቀመጠበት ነው። ባለሀብቱ መንግሥት ሆነ ማለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ኢኮኖሚ ባይበለፅግ ነበር የሚገርመው።

ኢኮኖሚስቱ ፍሪድሪክ ሃየክ በ1945 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ ያነሳው ነጥብ ከሚዝስ ስሌት አንድ እርምጃ ያልፋል። ኢኮኖሚ የሚፈልገው ዕውቀት በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም አለ፤ በብዙ ሰው እጅ ተበታትኖ፣ አብዛኛውም በወረቀት ሊሰፍር በማይችል መልክ ይኖራል። የትኛው ማሽን ሲሞቅ እንደሚንቀጠቀጥ የሚያውቀው መካኒኩ ነው፤ የትኛው ደንበኛ ዱቤ እንደማይመልስ የሚያውቀው ነጋዴው ነው። ጨዋታ ይህን ዕውቀት መያዝ አይችልም፤ ምክንያቱም በጨዋታ ውስጥ ያለ ዕውቀት ሁሉ አስቀድሞ በኮምፒውተሩ ማኅደር ተጽፏል። ማንም የደበቀው፣ ማንም በልምድ ያካበተው ነገር የለም። የኮምፒውተሩ ባለሀብት ከተጫዋቹ የተሻለ የሚያውቀው አንዳች ነገር ስለሌለው ደደብ ሆኖ ቢታይ አይፈረድበትም። የገበያው ጥቅም ሊመነጭበት የሚችለው ምንጭ ከመነሻው ደርቋል።

ሪፖርቱ ላይ ልመለስ፤ የክርክሩ እምብርት እሱ ነው። የሶቪየት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ጉርሻ የሚያገኘው ዕቅዱን ሲመታ ስለነበር አቅሙን አሳንሶ፣ የጥሬ ዕቃ ፍላጎቱን አጋኖ ወደ ላይ መጻፍ የዕለት ኑሮው ሆነ። የጎደለውን ዕቃ ከሌላ ፋብሪካ በልመናም በመለዋወጥም የሚያመጣ «ቶልካች» የተባለ ጉዳይ ፈጻሚ ነበረው፤ ይህ ሰው በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ አልተጻፈም፣ ያለ እሱ ግን ዕቅዱ አይሠራም። ዕቅዱ በክብደት ሲለካ ደግሞ ምርቱ ይከብዳል፦ የሶቪየት መሪ የነበረው ኒኪታ ክሩሽቾቭ በ1959 ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠሉ ጌጠኛ መብራቶች ያለ አግባብ ከባድ ሆነው የሚሠሩት ዕቅዱ በኪሎ ስለሚለካ ነው ብሎ በአደባባይ አማርሯል። የአገራችንም አንባቢ ለዚህ ባዳ አይደለም። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው እህል በተወሰነ ርካሽ ዋጋ በኮታ ይሰበስብ ነበር። ምርቱ ያልደረሰለት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ዋጋ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ እንደነበር የታወቀ ነው። ይህ እህል በመዝገብ ላይ ምን ተብሎ እንደሰፈረ ማሰብ ነው። ኮታው ሞልቷል፤ አካባቢው ትርፍ አምራች ነው፤ ለሚመጣው ዓመት ኮታውን ቢጨምሩት ይችላል። ከላይ የተቀመጠው ባለሥልጣን ይህን ቁጥር ይዞ ቢሳሳት ሞኝነቱ አልነበረም፤ የተሰጠውን ሰንጠረዥ እንደ «ቪክቶሪያ ሦስት» ተጫዋች አምኖ ማንበቡ ነበር።

የዕቅድ ኢኮኖሚን በቅንነት ለመሳል የሞከረ ጨዋታ የለም ማለቴ አይደለም። ስሎቫኪያ ውስጥ የተሠራው «ወርከርስ ኤንድ ሪሶርስስ፦ ሶቪየት ሪፐብሊክ» በ2019 በከፊል ወጥቶ በ2024 ተጠናቋል፤ በሎጂስቲክስ በኩል አቻ የለውም። አገሩ ድንበር ላይ በሩብልም በዶላርም ይነግዳል፣ በውስጡ ግን ዋጋ የሚባል ነገር ቦታ የለውም፤ ያለው ጡብ፣ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ከሰልና ሠራተኛ ነው። አውቶቡስ ዘግይቶ ሠራተኛው ማሞቂያ ጣቢያው ካልደረሰ በክረምት ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ሰው ይታመማል፣ ይሰደዳል። አንድ ጉድለት እንዴት ሌላውን እየጎተተ እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጨዋታ አላውቅም። ሆኖም ተጫዋቹ የፈለገውን መጋዘን ጠቅ አድርጎ ስንት ቶን እንዳለ በትክክል ያያል። መጋዘን ጠባቂው አይሰርቅም፤ ሥራ አስኪያጁ ለክፉ ቀን ብሎ ሲሚንቶ አይደብቅም። የቁሳቁሱ ችግር ተስሏል፤ የሰውየው ችግር ቀርቷል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። በመንግሥት እጅ ያደገ ኢኮኖሚ በጨዋታ ብቻ የታየ አይደለም፤ የሶቪየቷ ማግኒቶጎርስክ በ1930ዎቹ ከባዶ ሜዳ ላይ የተነሳ የብረት ከተማ ነው። ደቡብ ኮሪያም በ1962 የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ ጀምራ፣ በ1968 ፖስኮ የተባለውን የብረት ኩባንያ በመንግሥት ባለቤትነት አቋቁማ ከድህነት ወጥታለች። ታዲያ ጨዋታዎቹ ምን አጠፉ? ተቃውሞው እውነት ይዟል፤ እኔም መንግሥት ፋብሪካ መምራት አይችልም እያልኩ አይደለም። የምለው የተሳካለት መንግሥት የሪፖርቱን ችግር በሆነ መንገድ ፈትቶ ነው የተሳካለት፣ ጨዋታው ግን ችግሩን ስለሰረዘው መፍትሔውንም አያሳይም። ማግኒቶጎርስክ የተቆጠረው በቶን ብረት ነው፤ ብረት ለመቁጠር ቀላል ነው፣ ዓይነቱም ጥቂት ነው። የጨዋታ ዓለም የተሠራው ከእንዲህ ያሉ 50 ገደማ ነገሮች ስለሆነ ከመላው የሶቪየት ኢኮኖሚ ይልቅ ማግኒቶጎርስክን ብቻ ይመስላል። ኮሪያ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራት። ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ የወጪ ንግድ ስብሰባ በየወሩ ራሱ እየመራ፣ ርካሽ ብድር የወሰደው ኩባንያ ውጭ አገር ምን ያህል እንደሸጠ ይጠይቅ ነበር። ኩባንያው የሴኡልን ቢሮ ሊያታልል ይችላል፤ ሸሚዙን ኒው ዮርክ ላይ የሚገዛውን ሰው ግን በወረቀት አያታልለውም። መንግሥቱ ገበያውን እንደ ኦዲተር ቀጠረው ማለት ነው። በ«ቪክቶሪያ ሦስት» ለሚገኝ ተጫዋች ይህ ብልሃት ትርጉም የለውም፤ ኦዲተር የሚያስፈልገው ነገር የለውምና።

ሌላው ተቃውሞ ሚዛኔን የሚመለከት ነው፦ ጨዋታዎቹ ዕቅድን ካሳመሩ ገበያንስ አያሳምሩም ወይ? ያሳምራሉ። ዋጋው 75 በመቶ ላይ የሚገታበት ጣሪያ በየትኛው የረሃብ ዘመን ታይቶ ያውቃል? የገበያን ጨለማ ጎን ያሳየው አንጋፋ ጨዋታ በሰሌዳ ላይ የሚጫወቱት ነው። አሜሪካዊቷ ሊዚ ማጊ በ1904 የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘችበት የባለርስቶች ጨዋታ የሄንሪ ጆርጅን የመሬት ግብር ሐሳብ ለማስተማር የታቀደ ነበር። ኋላ ላይ ሁለት ዓይነት ሕግ ኖረው፤ በአንዱ አንድ ተጫዋች ሌሎቹን ያደኸያል፣ በሌላው የመሬት ኪራዩ ለጋራ ጥቅም ይውላል። ፓርከር ብራዘርስ ከ1935 ጀምሮ «ሞኖፖሊ» ብሎ የቸበቸበው የመጀመሪያውን ብቻ ሲሆን ለማጊ መብት የከፈላት 500 ዶላር ነው። ማስጠንቀቂያው መዝናኛ ሆኖ ቀረ። ለ«ቪክቶሪያ» ሥራዎች ግን አንድ ነገር አልነፍጋቸውም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ በ1973ቱ የወሎ ረሃብ ወቅት ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው እንዳልናረ አሳይቷል፤ የተራበው ሰው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ረሃቡ በዋጋው ላይ አልተሰማም። በ«ቪክቶሪያ ሦስት» ገበያም ገቢው የወደቀ የሕዝብ ክፍል ገዢ ሆኖ መቆጠሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዋጋው ሳይናር ሕዝቡ ይጎሳቆላል። የኮርናይንም ነጥብ አይስቱም፦ ሃንጋሪያዊው ኢኮኖሚስት ያኖሽ ኮርናይ በ1980 የእጥረት ኢኮኖሚን ሲተነትን የከሰረ ድርጅት መንግሥት እንደሚደርስለት ካወቀ በጀቱ ይላላል ብሎ ነበር። በ«ቪክቶሪያ ሁለት» ሁሉንም ፋብሪካ መደጎም የጀመረ ተጫዋች ግምጃ ቤቱ እንዴት እንደሚራቆት በራሱ ላይ ያየዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የጨዋታ ሠሪዎቹ ነው፦ የሚዋሽ ሰንጠረዥ ተጫዋችን ያበሳጫል፣ ጨዋታ ደግሞ ደስ ማሰኘት አለበት ይላሉ። ይህ ግን ከራሳቸው ሥራ ጋር አይገጥምም። በጦርነት በኩል አለማወቅን ጨዋታ ካደረጉት ሰንብተዋል፤ ካርታው በጉም ይሸፈናል፣ የጠላት ጦር የት እንዳለ ስካውት ሳይላክ አይታወቅም፣ ተጫዋቾችም ይህን ይወዱታል። ለጠላት ሠራዊት የተፈቀደው ጉም ለገዛ መጋዘን ለምን እንደተከለከለ የሚያሳምን መልስ አላገኘሁም፤ የልማድ ጉዳይ ይመስለኛል።

ወንበሩን መለወጥም ይቻላል፤ ፖላንዳውያን አድርገውታል። የፖላንድ ብሔራዊ መታሰቢያ ተቋም በ2011 «ኮሌይካ»፣ ማለትም «ወረፋ»፣ የተባለ የሰሌዳ ጨዋታ አሳተመ። ተጫዋቹ በ1980ዎቹ የሚኖር ቤተሰብ ነው፤ የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር ይሰጠውና አምስት የቤተሰብ አባላቱን በየሱቁ ደጃፍ ያሰልፋል። ዛሬ የትኛው ሱቅ ዕቃ እንደሚገባለት አያውቅም። በመንግሥት ቢሮ ያለ ወዳጅ ካርድ የደረሰው አስቀድሞ ይሰማል፤ ሕፃን ያቀፈች እናት ካርድ የያዘ ወደ ፊት ይዘልቃል፤ ሱቁ ለቆጠራ ተዘግቷል የሚል ካርድ ሲወጣ የቆመው ሁሉ በከንቱ ቆሟል። አየር ባየር የሚነግዱ አትራፊዎችም ሰልፉ ውስጥ ቦታ ይዘዋል። ሕብረት ሱቅ ደጃፍ ያደገ ኢትዮጵያዊ የጨዋታውን ሕግ ሳያነብ ሊጫወተው ይችላል። እዚህ ላይ ማንም ሰንጠረዥ አይከፍትም፣ የአገሩ ምርት ስንት እንደሆነ የሚናገር ቁጥርም የለም፤ ዕቅድ የሚታወቀው የጭነት መኪናው ሲመጣ ወይም ሲቀር ነው። በ2016 የሩሲያ የሸማቾች ጉዳይ ተቆጣጣሪ ጨዋታው ይስተካከል የሚል ጥያቄ ስላነሳ አከፋፋዩ ከዚያ አገር ገበያ አስወጣው። ተጫዋቹን ዕቅድ አውጪ ስለሚያደርጉት የስትራቴጂ ጨዋታዎች እንዲህ ያለ ስሞታ ከዚያ ቢሮ ሲወጣ አልሰማሁም።